የሹፌር ወገብ ሕመም፦ ከአዳማ አሰላ ለሚሠራው ወንድማችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም ወንድሜ። ከአዳማ አሰላ መስመር ሚኒባስ እንደምትሠራ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ወገብህን እንደሚያምህ፣ ፍሪሲዮን በረገጥህ ቁጥር ሕመሙ ወደ ግራ ጭንህ እንደሚወርድ ጽፈህ፣ «መርፌ እየተወጋሁ ልቀጥል፣ ወጌሻ ዘንድ ልሂድ ወይስ ሥራውን ልተው?» ስትል ጠይቀሃል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከአዳማ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ እስከ ጋላፊ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ለረጅም ዓመታት የጭነት መኪና የነዳሁ፣ በዚሁ ሕመም ምክንያትም የፊዚዮቴራፒ ክትትል ያደረግሁ ሰው ነኝ። የምጽፍልህም በራሴ ላይ ያየሁትን፣ ባለሙያዎች ያስረዱኝንና ከዚያ ወዲህ እያነበብሁ ያረጋገጥሁትን ነው።

በእኔ እምነት ከጠቀስሃቸው ሦስት አማራጮች አስቀድሞ መስተካከል ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ የተቀመጥህበት ወንበር እና ከመኪናው ከወረድህ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች የምትሠራው ሥራ። ወንበሩን ብዙ ሰው ይጠረጥረዋል፤ ሁለተኛውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው፣ ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች እንደ ጡንቻ የራሳቸው የደም ሥር ስለሌላቸው ምግባቸውን የሚያገኙት ሰውነት ሲንቀሳቀስ ከዙሪያቸው በሚሰርገው ፈሳሽ አማካይነት ነው። ረጅም ሰዓት ጎበጥ ብሎ መቀመጥ ደግሞ ጫናውን በታችኛው የወገብ ክፍል ላይ ያከማቻል። በዚህ ላይ የመኪናው ንዝረት ይጨመራል፤ የተቀመጠ ሰው አከርካሪ ይበልጥ የሚናወጠው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ገደማ በሚደጋገም ንዝረት ሲሆን፣ በሻካራ መንገድ ላይ ያለ መኪና የሚፈጥረው ንዝረትም በአብዛኛው ከዚሁ አካባቢ አይርቅም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ ሠራተኛ በቀን ሊጋለጥበት የሚችለውን የንዝረት መጠን በቁጥር እስከ መወሰን የደረሰው ጉዳቱ የታወቀ ስለሆነ ነው። እንግዲህ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘህ አሰላ ስትደርስ የወገብህ ጡንቻዎች ዝለዋል፣ ዲስኮቹም ተጨቁነው ቆይተዋል። አንተ ግን ሞተር እንዳጠፋህ፣ ተሳፋሪው ስለሚቸኩል፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥተህ የድንች ወይም የገብስ ጆንያ ለረዳቱ ታቀብላለህ። ጎንበስ ብሎ፣ ወገብን ጠምዝዞ፣ ከባድ ነገር ማንሳት በማንኛውም ሰዓት ጎጂ ነው፤ ከረጅም መቀመጥ በኋላ ወዲያውኑ ሲሆን ግን እጅግ የከፋ ነው። እኛም ሸራ ፈትተንና ገመድ ስበን ጭነት እናስወርድ የነበረው ከካቢን እንደወረድን ነበር፤ በማውቃቸው ብዙ ሹፌሮች ላይ ወገባቸው «ቀጭ» ያለው በዚያች ቅጽበት እንጂ መሪ ይዘው አይደለም።

ስለዚህ ከወረድህ በኋላ አምስትና አሥር ደቂቃ ቀጥ ብለህ ሳትራመድ ምንም ነገር አታንሳ። ተሳፋሪው ቢያጉረመርም ይታገሥ። መናኸሪያ ውስጥ ተራ ስትጠብቅም መኪናው ውስጥ ተቀምጠህ አትጠብቅ። አንድ ሹፌር ከነዳበት ሰዓት የማይተናነስ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተራ ሲጠብቅ ይቀመጣል፤ ያ ሰዓት ለወገብህ ዕረፍት የሚሆነው ከወረድህና ከተንቀሳቀስህ ብቻ ነው።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። አሁን ሂድና በጡጫህ የወንበሩን መቀመጫ በግራና በቀኝ ተጭነህ እየው። ብዙውን ጊዜ በአንዱ ወገን ስፖንጁ አልቆ ጡጫህ ብረቱን ወይም ሽቦውን ያገኘዋል። እንዲህ ያለ ወንበር ዳሌህን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ያስቀምጥሃል፤ አንተም ሳታውቀው ቀኑን ሙሉ አከርካሪህን አጣምመህ ትነዳለህ። የመኪና ወንበር የሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ ወስደህ በጠንካራ ስፖንጅ አስቀይረው፤ ወጪው ከመርፌና ከመድኃኒት ወጪ ጋር ሲነጻጸር የሚያስቆጭ አይደለም። መደገፊያውን በጣም ቀጥ አታድርገው፣ በጣምም አታስተኛው፤ ከመቀመጫው ጋር ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ፎጣ ጠቅልለህ በወገብህ ስርጉድ ቦታ ላይ አድርግ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረትና ጀርባህም ከመደገፊያው አለመነሣት አለበት። ጀርባህ የሚነሣ ከሆነ ወንበሩ ርቋል ማለት ነው፤ ግራ ጭንህን የሚያምህ በዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ቦርሳህንና ስልክህን ከኋላ ኪስህ አውጣ። ንዝረቱን የሚያረግበውን ባሌስትራና የጎማውን ንፋስ ማስፈተሽም አይዘንጋህ።

መርፌውን በተመለከተ፦ ዲክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሣል፣ ለጥቂት ቀናት በሐኪም ትእዛዝ መውሰዱም ነውር የለውም። ነገር ግን በየሳምንቱ እየተወጉ መንዳት ጨጓራንና ኩላሊትን የሚጎዳ ከመሆኑም በላይ ሕመሙ ሊነግርህ የሚገባውን ይደብቅብሃል፤ ሕመሙ ጠፋ ብለህ ያንኑ ጆንያ ታነሣለህና። ወጌሻ የተኮማተረ ጡንቻ አሽቶ ቢያፍታታ ይረዳ ይሆናል፤ ሕመሙ ወደ እግር ለሚወርድ ሰው ግን ወገብን መጠምዘዝና መርገጥ አደገኛ ስለሆነ እንዲህ እንዲያደርግህ በፍጹም አትፍቀድ። ሶደሬ ወርዶ ፍል ውሃ መታጠብም ጡንቻውን ያፍታታል፣ ሰውነትንም ያሳርፋል፤ ምክንያቱን ግን አያስወግድም። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል አይመከርም። ኤምአርአይ ለመነሣትም አትቸኩል፤ ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች እንኳ ሲነሡ ዲስካቸው ተንሸራትቶ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፊዚዮቴራፒ ላይ ከተማርሁት ውስጥ አንዱን ልንገርህ። በሆድህ ተኝተህ በክርንህ ተደግፈህ ደረትህን ቀስ ብለህ ከፍ አድርግ። ሕመሙ ከጭንህ እየተሰበሰበ ወደ ወገብህ ከወጣ፣ ወገብህን ትንሽ ጠንከር አድርጎ ቢይዝህም፣ መልካም ምልክት ነው። በተቃራኒው ወደ ባትህና ወደ እግርህ ከወረደ ወዲያውኑ አቁምና ለባለሙያ ንገር።

ሥራውን ተው አልልህም። አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየተሻለ የሚሄድ ስለሆነ፣ ከመተው በፊት አሠራሩን መለወጥ ይቀድማል። እዚህ ላይ የመኪና ባለቤቶችም ድርሻ አላቸው። የዕለት ገቢውን ለማስገባት ሲል ሹፌሩ ዕረፍት እየዘለለ እንደሚነዳ እያወቁ አንድ ወንበር ለማስጠገን የሚያቅማሙ ባለቤቶችን ሳይ በእውነት አዝናለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ የወሰነ ሲሆን፣ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ያውቃል። ስለዚህ ስትታከም ሥራህ ሹፌርነት መሆኑንና ሕመሙ መቼ እንደጀመረህ በካርድህ ላይ እንዲጻፍ አድርግ፣ የሕክምና ወረቀቶችህንም ሰብስበህ አስቀምጥ።

ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶችንም እወቅ። በመቀመጫህና በብልትህ ዙሪያ መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ ወይም መቆጣጠር አለመቻል፣ የእግር እየሰነፈ መሄድ ካለ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለብህ፤ የአንድ ቀን መዘግየት እንኳ ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና ተኝተህም የማይተውህ ሕመም ካለ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪንም ስለሚያጠቃ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ተናገር። ይህ በአገራችን የሚያጋጥም በሽታ ሆኖ ሳለ «የሹፌር ወገብ ነው» እየተባለ ሲታለፍ አይቻለሁ።

ለዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክርና እዚሁ ጻፍልን፦ ጫማህን አውልቀህ መጀመሪያ በተረከዝህ፣ ቀጥሎ በጣቶችህ ጫፍ ጥቂት ርምጃ ተራመድ። ግራ እግርህ ከቀኙ ሰንፎ ካገኘኸው ነገ መኪናውን ለሌላ ሹፌር ስጥና ከሥራ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ስንፈቱ እየጨመረ ከሄደ ግን ከላይ እንዳልሁህ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።