የመረዳጃው ብር የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሠራተኛ ማህበር አለን፤ በየወሩ ከደመወዛችን ሁለት ዓይነት ብር ይቆረጣል። አንዱ የማህበር መዋጮ ነው። ሌላው መረዳጃ የምንለው ሲሆን ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት የሚሰጥ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሒሳብ ሪፖርት ሰምተን አናውቅም። በቀደም አንዲት የሥራ ባልደረባችን ታማ ሆስፒታል ስትተኛ መረዳጃውን ጠየቅን። ገንዘብ ያዡ «አሁን ብር የለም፣ ለአባላት በብድር ወጥቷል» አለን። ለማን ስንለው ዝም። ብሩ በሰው አካውንት ነው የሚቀመጠው የሚሉም አሉ። አጥብቀን ብንጠይቅ ደግሞ ከሥራ እንባረራለን ብለን ፈራን። ምን ብናደርግ ይሻላል?
እህታችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ ለባልደረባሽ ምሕረቱን ያውርድላት። ደብዳቤሽን ሳነብ አንጀቴን ነው የበላኝ። በዚያ ብርድ ሌሊት ፈረቃ ተገብቶ የተዋጣ ብር ነው፤ የተዋጣውም ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር።

ቀጥታ ልንገርሽ፣ ብሩ የሊቀመንበሩም የገንዘብ ያዡም አይደለም። የሠራተኛ ማህበር ከተመዘገበ በሕግ የራሱ ሰውነት አለው። በስሙ ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መዋጮን በተመለከተ ግልጽ ነው፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲጠይቅ አሠሪው ከደመወዙ ይቆርጣል፣ የቆረጠውንም በማህበሩ የባንክ ሒሳብ ገቢ ያደርጋል። ስለዚህ የሰው አካውንት የሚባለው ወሬ እውነት ከሆነ ጥፋቱ የሚጀምረው ገና ብሩ ሳይጠፋ፣ እዚያ አካውንት ውስጥ የገባ ቀን ነው።

አሁን ሁለቱን ብር ለያይተሽ እዪ። መዋጮው ለማህበሩ ሥራ የሚውል ነው፤ ለቢሮ፣ ለስብሰባ፣ ለክርክር ወጪ። አወጣጡን የሚወስነው መተዳደሪያ ደንቡ ነው፤ አዋጁም ደንቡ የአባላትን መዋጮ፣ የገንዘብና የንብረት አስተዳደሩን፣ የስብሰባ ሥርዓቱን፣ ማህበሩ ቢፈርስ ንብረቱ የት እንደሚገባ ሳይቀር እንዲይዝ ያዛል። «ደንቡን አናሳይም» ቢሏችሁ አትጨነቁ። ማህበሩ ሲመዘገብ ደንቡን ለመዘገበው መሥሪያ ቤት አስገብቷል፤ እዚያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

መረዳጃው ግን ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ አደራ ነው። ለታመመ ተብሎ የተሰበሰበን ብር ለጤነኛ ማበደር የሚቻለው ደንቡ ወይም ጠቅላላ ጉባኤው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ማህበራችሁ ብድር መስጠት ከፈለገ መንገድ አለው። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ለብቻው ይቋቋማል፣ ለብቻው ይመዘገባል፣ ለብቻውም ሒሳቡ ይመረመራል። በገንዘብ ያዡ ቃል ብቻ የሚወጣ ብድር እዚህ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ መረዳጃው እንዲቆረጥ ፈርመሻል? ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በራስሽ የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ድምሩም ከወር ደመወዝሽ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ጥያቄው ወደ አሠሪው ይዞራል። ያኔ ፍጠኑ፤ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል።

ከፖሊስ አትጀምሩ። የቻላችሁትን ያህል ሰው ሆናችሁ ፈርሙና ለማህበሩ ደብዳቤ ጻፉ። የባንክ ስቴትመንቱን፣ የተበዳሪዎቹን ዝርዝር፣ ብድሩን የፈቀደውን ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ቅጂው ላይ የተቀበላችሁ ሰው ይፈርም፤ ካልፈረመ የሰጣችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ምስክር አስቀምጡ። ጎን ለጎን ከፋብሪካው ሒሳብ ክፍል ከየሰው የተቆረጠውን በወር በወር አስወጡ። እሱ እምቢ ቢል የየራሳችሁን የደመወዝ ወረቀት ሰብስቡ። እኔ ብዙ ተስፋ የምጥለው በዚህ ነው፤ የተቆረጠው ድምርና ባንክ የገባው ድምር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክርክር አያስፈልግም። ከዚያ በደንባችሁ መሠረት ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ። ካልተጠራ ወደ መዘገበው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ማህበራችሁ ፌዴሬሽን ውስጥ ካለበትም ለፌዴሬሽኑ አመልክቱ።

ብሩ ተበልቶ ከተገኘ ነገሩ የወንጀል ነው። በአደራ የተሰጠን ገንዘብ ለራስ ማድረግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ይባላል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ደግሞ ከአባላት የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድርን አካል «ሕዝባዊ ድርጅት» ብሎ ያካትታል፤ እድርን ግን ያወጣል። ስለዚህ «ይሄ እድር እንጂ የማህበሩ አይደለም» የሚል መከራከሪያ ሊመጣባችሁ ይችላል። ቢመጣም አትደንግጡ፣ የእድር ብር የበላ ሰውም በአንቀጽ 675 ይጠየቃል። ግን በደብዳቤያችሁ ላይ መረዳጃው በማህበሩ በኩል እንደሚሰበሰብ ጻፉት።

ስለ መባረር፦ የማህበር አመራር ማንንም ከሥራ የማሰናበት ሥልጣን የለውም። አሠሪውም የማህበር አባል በመሆንሽ ወይም በሕጋዊ እንቅስቃሴው በመሳተፍሽ ሊያሰናብትሽ አይችልም፤ አዋጁ በአንቀጽ 26 ይህን ለስንብት በቂ ምክንያት አይደለም ብሎታል። ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ ወር ሳይደርስ ኪስ የሚደርቅበት ጊዜ ነው። ለብቻሽ ግን አትሂጂ፣ ብዙ ፊርማ ያለበትን ደብዳቤ ማንም በቀላሉ አይጥለውም።

ጥያቄ፦ ሥራ ልለቅ ነው። እስካሁን ለማህበር የከፈልኩት ይመለስልኛል? ጡረታዬስ ማህበሩ ጋ ነው?
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ወንድሜ፣ መዋጮው ደንባችሁ ይመለሳል ካላለ አይመለስም፤ የቆየህበት አገልግሎት ዋጋ ነው። የቁጠባ ኅብረት ሥራ ውስጥ ያስቀመጥከው ግን የራስህ ነው፣ መልቀቂያህን ስታስገባ አብረህ ጠይቅ። ጡረታው ከማህበሩ ጋር አይገናኝም። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ከአንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሆኖ በአሠሪው በኩል ወደ ጡረታ ፈንድ ነው የሚገባው። ከመልቀቅህ በፊት የጡረታ መለያ ቁጥርህን ያዝ፣ የተቆረጠብህ በሙሉ ገቢ መደረጉንም አረጋግጥ።