ጥሬ አኩሪ አተር የበላ ጫጩት ለምን ይቀጭጫል?

ጥያቄ፦ ደሴ ዙሪያ 120 ጫጩት አሉኝ፤ ወር ሆናቸው። መኖ ሲወደድብኝ ጥሬ አኩሪ አተርና ባቄላ አስፈጭቼ ከበቆሎ ጋር ቀላቅዬ መስጠት ጀመርኩ። ሲበሉ ይውላሉ፣ ግን አያድጉም፤ ኩሳቸውም ይጣበቅባቸዋል። አኩሪ አተሩን ልጨምርላቸው?

መልስ፦ አይጨምሩ፣ እህታችን፤ የባሰ ይቀጭጫሉ። መጀመሪያ ኩሳቸውን ይዩ። ደም ካለበት፣ ክንፋቸውንም ጥለው ከተኮራመቱ ኮክሲዲያ የተባለ የአንጀት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ይያቸው። ደም ከሌለና እየበሉ ከቀጨጩ ግን ጥሬውን አኩሪ አተር ይጠርጥሩ።

ምግብ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን የሚፈጨው ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ከቆሽት ይመነጫል። ጥሬ አኩሪ አተር ደግሞ ትሪፕሲንን አንቆ የሚይዝ ነገር አለው። አንጀት ትሪፕሲን ሲያጥረው በሆርሞን ቆሽትን ይቀሰቅሳል፤ ቆሽት ያመነጫል፣ ያም ይታነቃል፣ ደግሞ ያመነጫል። በጫጩት ላይ ቆሽቱ ራሱ እስኪያብጥ ይደርሳል። የሚያመነጨው ፈሳሽ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ከኩስ ጋር ሲወጣ ጫጩቷ ከገላዋ ትከስራለች። ከሁሉ በላይ የሚባክነው ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ነው፤ ጥራጥሬ ደግሞ ከነዚሁ አንዱ የሆነው ሜቲዮኒን ድሮውንም ያንሰዋል። በአሳማ ግልገል ቆሽቱ እንደ ጫጩት ባያብጥም ዕድገቱ እንዲሁ ይገታል።

መድኃኒቱ እሳት ነው፤ ያውም ከውሃ ጋር። አኩሪ አተሩን ለቅመው በሦስት እጥፍ ውሃ ያሳድሩት። የዘፈዘፉበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ እንደ ንፍሮ ይቀቅሉት። ሰዓቱ የሚቆጠረው ውሃው ከፈላ በኋላ ነው። ደሴ ከፍታዋ 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቆላ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚበቃውን እርስዎ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ከደሴ ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ 45 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ስስ አድርገው ፀሐይ ላይ ያስጡትና በጥርስ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ያድርቁት። እርጥበት ከቀረው ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ዘይታም ስለሆነ ከተሸረከተ በኋላ ቶሎ ይቆመጥጣል፤ የሁለት ሳምንቱን ብቻ ያስፈጩ።

ምጣድ ላይ መቁላቱ አይመከርም። ላዩ ሲያር ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ካረረ ደግሞ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ይበላሻል።

መብሰሉን ለማወቅ አንድ ሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አኩሪ አተር፣ አንድ ሻይ ማንኪያ ዩሪያ ማዳበሪያና ግማሽ ስኒ ለብ ያለ ውሃ ክዳን ባለው ብርጭቆ ይቀላቅሉ። ጥሬውንም በሌላ ብርጭቆ እንዲሁ ያድርጉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲከፍቱት ጥሬው አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ይሰጣል፤ የበሰለው ሊሸት አይገባም። ዩሪያ መርዝ ስለሆነ ድብልቁን ይድፉት፣ ዕቃውንም ለምግብ አይጠቀሙበት። ይህ ፈተና ለባቄላ አይሠራም፤ ማረሩንም አይነግርዎትም።

ለ100 ኪሎ መኖ፦ በቆሎ 55፣ የተቀቀለና የደረቀ አኩሪ አተር 26፣ የኑግ ፋጉሎ 12፣ ፉርሽካ 3፣ የአጥንት ዱቄት 2፣ የኖራ ድንጋይ 1 ኪሎ፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል) 500 ግራም፣ ጨው 300 ግራም፣ ሜቲዮኒን 200 ግራም። ፕሮቲኑ 19 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጨውን፣ ፕሪሚክስንና ሜቲዮኒንን መጀመሪያ ከሁለት ኪሎ ፉርሽካ ጋር ያሹት፤ አለዚያ አንዱ ጫጩት ጨው ብቻ ይለቅማል።

ባቄላ ካለዎት ገለባው ፕሮቲን በደንብ እንዳይፈጭ የሚያደርግ ታኒን ስላለው ክክ አድርገው ከአኩሪ አተሩ ላይ እስከ 10 ኪሎ ይተኩ። ጓያ ግን ርካሽ ነው ብለው ለጫጩት አይስጡ፤ ነርቭ የሚጎዳው መርዙ በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይወጣለትም።

ለጊዜው ጥሬውን አቁመው የተዘጋጀ የጫጩት መኖ ሁለት ሳምንት ይስጧቸው፤ ወደ አዲሱ ድብልቅ በአምስት ቀን ቀስ በቀስ ያሻግሯቸው። አሥሩን ጫጩት እግራቸው ላይ ክር አስረው በየሳምንቱ ይመዝኑ። በሁለተኛው ሳምንትም ክብደታቸው ካልጨመረ፣ ከመኖው ሌላ ምክንያት አለና ሐኪሙን ይጥሩ።