መልስ፦ ፔኒሲሊን የሚሠራው በአንድ ጂን ነው ወይ?
ሰላም ወንድሜ። ሻጋታ ፔኒሲሊን የሚሠራው በአንድ ጂን ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም፤ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። በጣም የሚገርመኝ ሦስቱም ክሮሞሶሙ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። የመጀመሪያው ጂን የሚያሠራው ኢንዛይም (በሴሉ ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያካሂድ ፕሮቲን) ሦስት አሚኖ አሲዶችን ያያይዛል። የሁለተኛው ሰንሰለቱን አጥፎ ቀለበት ያደርገዋል። ባክቴሪያውን የሚጎዳው ቤታ ላክታም የሚባለው ቀለበት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛው የጎን ጭራውን ይቀይራል፤ ፋብሪካው ፌኒል አሴቲክ አሲድ ሲጨምርበት ፔኒሲሊን ጂ የሚባለው ዓይነት ይወጣል።

በ1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ፒዮሪያ ከተማ ውስጥ ከሻገተ ሜሎን ላይ የተገኘው የሻጋታ ዝርያ የእነዚህ ሦስት ጂኖች ስብስብ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ከእሱ የወጡት የፋብሪካ ዝርያዎች ግን ብዙ ቅጂ ይዘዋል። ምርቱ የጨመረው በዚህ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሦስተኛው ኢንዛይም የሚሠራባቸው ፔሮክሲሶም የሚባሉት የሴሉ ከረጢቶችም በዝተዋል።