ብሎኬቱን ልተወው ወይስ ይለሰን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ሠርተን ጥር ላይ ገባንበት። ውስጡም ውጩም አልተለሰነም፤ ወለሉ ሊሾ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ስልኬ ላይ «ኢንዱስትሪያል ስታይል» የሚሉትን ቤት ሳይ የእኛው ቤት መሰለኝና ደስ አለኝ። አማቴ ግን በመጡ ቁጥር «መቼ ነው የምትጨርሱት?» ይሉኛል። ባለቤቴ በያጅ ስለሆነ መደርደሪያና መብራት እሠራለሁ ይላል፤ ለጠረጴዛ ብሎም አሮጌ የናፍጣ በርሜል አምጥቷል። እንዳለ ብንተወው ያምራል ይላሉ? ከየትስ እንጀምር?
ዘ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ቤታችሁ ያምራል። ከሁሉ በፊት ግን የበርሜሉን ነገር ላስቀድም፤ ባለቤትሽ ግራይንደሩን ሳያነሳ ይህን አንብቢለት። ናፍጣ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ትነቱ ውስጡ ይቀራል። የመቁረጫው ወይም የብየዳው ፍንጣሪ ካገኘው ይፈነዳል። ታጥቧል ተብሎም አይታመንም፤ በስፌቱ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ብረቱ ሲሞቅ እንደገና ትተናለች። አይቆረጥ፣ አይበየድ፣ ከቤትም ይውጣ። ለጠረጴዛ ሌላ ነገር አይጠፋም።

አሁን ወደ ግድግዳው። «ኢንዱስትሪያል ስታይል» ያልሽው አሠራር ከፋብሪካ የመጣ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ሶሆ በሚባለው ሰፈር የነበሩ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች እየተለቀቁ ሲሄዱ፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሠዓሊዎች ሰፊ ቦታ በርካሽ ፍለጋ ገቡባቸው። ለመኖሪያ የተፈቀዱ ስላልነበሩ ሕገ ወጥ ነዋሪ ነበሩ፤ ከተማው ለሠዓሊዎቹ ሕጉን ያስተካከለው በ1971 ነው። ጡቡን፣ ቧንቧውንና የብረት ምሰሶውን እንዳለ ተዉት፤ ያም ውበት ሆኖ ቀረ። ነገር ግን እነዚያ ከባድ ማሽን እንዲሸከሙ የተሠሩ ሕንጻዎች ናቸው። የእኛ ብሎኬት የሚደረደረው «በኋላ ይለሰናል» ተብሎ ነው። ግንበኛው መገጣጠሚያው ቢጣመም፣ ሲሚንቶው ቢንጠባጠብ አይጨነቅም፤ ልስኑ ይሸፍንለታላ። የሚታይ ሥራ ከሚሸፈነው ሥራ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አማትሽ ያዩት ይህንን ነው፤ አልተሳሳቱም።

ስለዚህ አራቱንም ግድግዳ አትተዪ። በደንብ የተደረደረውን አንዱን ምረጡ፤ ሌላው ተለስኖ ነጭ ይቀባ። በተመረጠው ላይ የተንጠለጠለው ሲሚንቶ በመሮ ይነሳ፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ። ጎዶሎው መገጣጠሚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ ይሞላ። ሊደርቅ ሲል ጎበጥ ባለች የፌሮ ቁራጭ ጫን እያላችሁ ሳቡት፤ ያን ጊዜ መስመሩ ለስላሳ ቦይ ሆኖ ይወጣል። በደንብ ሲደርቅ ቀለም የሌለው ቅብ ይደረግለት፤ አለበለዚያ ብሎኬት ዘላለም አቧራ ያራግፋል።

ብሩ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ውስጡን ተዉትና ውጩን ከክረምት በፊት አስለስኑ። ይህን ከራሴ የተማርኩት ነው። ደሴ ሆጤ ያለውን ቤቴን ስሠራ ገንዘብ አጠረኝና ውስጡን አስለስኜ ውጩን ተውኩት። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ግድግዳውን ሲደበድብ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ራስጌ መዳፌን ባሳርፍ ልስኑ እንደ እርጥብ ጨርቅ ቀዘቀዘኝ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ቀለሙ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ጨው ወጣ። እጠርገዋለሁ፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ውጩን እስካስለስን ድረስ አልተላቀቀኝም።

ኮርኒስ ይግባ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በኮምቦልቻ ሙቀት ቀን ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አያነጋግርም። እንጨቱ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ኮርኒሱ ከአጠናው በታች ሳይሆን ከአጠናው በላይ፣ ከሞራሌው ሥር ይመታ። አጠናው ተፍቆ ቫርኒሽ ሲቀባ እኔ ከየትኛውም ጌጥ አስበልጠዋለሁ።

የመብራት ሽቦው በብረት ቱቦ ግድግዳው ላይ ቢሄድ ያምራል፤ ቱቦውም የመብራቱ ላሜራ ሽፋንም ከመሬት መስመር ጋር ይያያዙ። ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ባለቤትሽ ራሱ አይሞክረው። ዚንክ የተቀባውን ነጭ የብረት የውኃ ቧንቧም እንዳይበይድ፤ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። በክር ይገጣጠም።

የመደርደሪያውን ነገር ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ባለ 30 በ30 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ 6 ሜትር የሆነ፣ ሁለት ዘንግ ይበቃል። ከመጀመሪያው ዘንግ 1.75 ሜትር ሦስት፣ 30 ሳንቲም ሁለት ይቁረጥ። ከሁለተኛው 1.75 አንድ፣ 1.20 ሁለት፣ 30 ሳንቲም ስድስት። አራቱ ረጃጅሞች ቋሚ ናቸው፤ ስምንቱ አጫጭሮች ለሁለቱ ጎን አራት አራት ሆነው እንደ መሰላል እርከን ይበየዳሉ፤ ሁለቱ 1.20ዎች ከኋላ ከላይና ከታች ያስሩታል። የሚጣለው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። አዲስ ብረት ዘይት ስላለው በቲነር ይጠረግ፣ ብየዳው ተሞርዶ ይስተካከል፣ በዚያው ቀን ቫርኒሽ ይቀባ፤ ካደረ ይዝጋል። ለጣውላው ከግንባታ የተረፈ የአርማታ ጣውላ ፈልጉ፤ ሚስማሩ ሁሉ ይነቀል፣ የተጣበቀው ሲሚንቶ ይፈተግ። ገና እርጥብ የሆነ ባሕር ዛፍ ግን አትግዙ፤ ይጣመማል።

ብረትና ሲሚንቶ ብቻውን ጋራዥ ያስመስላል። ሊሾው ላይ የወሎ ሱፍ ምንጣፍ ጣል ይደረግ፤ አማትሽ የሚቀመጡበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል።

መደርደሪያው ሲቆም ከላይ ሁለት ቦታ ከግድግዳው ጋር ይታሰር፣ ልጅ ሊንጠለጠልበት ይችላል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብሎን አይዝም። ቀዳዳው መጀመሪያ በሲሚንቶ ይሞላ፣ ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ ይሰርሰር።