ልጄ በስልክ የምታነበው ንባብ ይባላል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። የ15 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ 9ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስልክ ስትነካካ አገኘኋት። ስቆጣት «እያነበብኩ ነው» አለችኝ። አላመንኳትም፤ ነጥቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በማግስቱ የእህቴ ልጅ ከፍቶ ሲያየው ከቴሌግራም የወረደ የፍቅር ልብ ወለድ ነው፤ ከ300 ገጽ በላይ አለው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ከ«እሺ» እና ከ«እምቢ» በቀር አታናግረኝም። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከ6ኛ ክፍል ነው። በእኛ ጊዜ አንባቢ ማለት መጽሐፍ በእጁ የያዘ ሰው ነበር። ስልክ ላይ ማንበብ ንባብ ይባላል? ልመልስላት ወይስ ይቅር?

ዘ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩን ዛሬውኑ መልሺላት። የምነግርሽ ብዙ ነው፤ ይህን ሳታነቢ መጽሔቱን እንዳታስቀምጪው ብዬ ግን ከፊት አደረግሁት። ስልኩን ስትቆልፊበት ታሪኩንም አብረሽ ቆልፈሻል። ልብ ወለድ ከመካከሉ የተነጠቀ ሰው፣ እጁን ታጥቦ ሊጎርስ ሲል መሶቡ የተነሳበት እንግዳ ማለት ነው። ዝምታዋ አይግረምሽ።

አዎ፣ ንባብ ይባላል። በጣት ሲገፉት የሚያልፍ አጭር ቪዲዮ በዚያው ስልክ ውስጥ ሞልቶላት ሳለ፣ ከ300 ገጽ በላይ የሆነ ታሪክ ይዛ ሌሊቱን ማጋመሷን ሳነብ ደስ ብሎኛል። በእኛ በወሎ ጽሑፍ ያላረፈበት ነገር የለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ያነበቡት ከብራና ነው። ዓሊሞቻችን የአማርኛ መንዙማን በዓረብኛ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈው አቆይተውልናል። የቁርአን ቤት ልጅ ሎሁን፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳውን፣ በጉልበቱ አስደግፎ ቁርአን ሲቀራ ኖሯል። ብራናውም፣ ወረቀቱም፣ እንጨቱም ንባብን ተሸክመዋል፤ የልጅሽ መስታወት ለምን ይከለከላል?

የፍቅር ታሪክ መሆኑም አያስደንግጥሽ። ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት 31 ዓመት ሠርቻለሁ። በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ የመመለሻው ቀን በማኅተም የሚመታበት ወረቀት እንለጥፍ ነበር። ከአንዱ ልብ ወለድ ላይ ወረቀቱ ሞልቶ ሌላ ደረብሁበት፤ እሱም ሞልቶ ሦስተኛ ደረብሁበት፤ ሽፋኑ እንደ ካርቶን ወፈረ። ከመካከሉ አሥር የማይሞሉ ገጾች ጥጋቸው በጣት ወዝ ጠቁሮ፣ መጽሐፉ እንደተዘጋ እንኳ ከጎን ሲያዩት ይለያሉ። ምን ቢኖርበት ነው ብዬ አነበብኳቸው፤ ሁለቱ ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የተገናኙበት ነው። ይህን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አንሺ የሚሉኝ መምህራን ነበሩ። አላነሳሁትም። በዓመቱ የታሪክና የግጥም መጽሐፍ ፍለጋ ወደ መስኮቴ የመጡት ከዚያ ወረቀት ላይ ቀናቸው የተመታላቸው ልጆች ናቸው።

ይህን ስል ስክሪንና ወረቀት አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት፣ በድምሩ ከ170,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 54 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ ነበር። በወረቀት የተነበበው በስክሪን ከተነበበው የተሻለ ይገባል፤ ልዩነቱም የሚጎላው ሰዓት ተገድቦ ሲነበብና ጽሑፉ ዕውቀት የሚያስጨብጥ ዓይነት ሲሆን ነው። ልብ ወለድ ብቻ በተነበበበት ግን ልዩነት አልታየም።

ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ የፍቅር ታሪኩ ሳይሆን ባዮሎጂው ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጻሕፍቱ ታትመው እስኪዳረሱ ድረስ ብዙ ተማሪ በፒዲኤፍ ከስልክ ላይ ሲያጠና ከርሟል፤ በወረቀት መነበብ የነበረበት በስልክ ሆነ ማለት ነው። ልጅሽን ጠይቂያት፤ የትኛው የትምህርት መጽሐፍ በእጇ አለ? የትኛው የለም? ለሌለው፣ ለፈተና የምታጠናውን ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሚላት። እርሳስ ይዛ ታስምርበት፤ ጥጉ ላይ ትጻፍበት።

የሌሊቱን ነገር በተመለከተ ግን ከአንቺ ጋር ነኝ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተኛች ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ብትቀመጥም ትምህርቱን አትሰማውም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስልኩ አንቺ ክፍል ቻርጅ ይደረግ። ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን፣ እሷም በምታየው ቦታ ይቀመጥ። ቀን ስታነብ ደግሞ ዳታውን ታጥፋው፤ የወረደ መጽሐፍ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መልእክትም እየመጣ አያቋርጣትም። አንድ ነገር ልጨምር፤ በቴሌግራም ከሚዞረው ብዙው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተበተነ ነው፣ ደራሲው ሳንቲም አያገኝበትም። ታሪኩን ከወደደችው ለበዓል መጽሐፉን ራሱን ግዢላት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «ከ6ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት» ያልሽው ደብዳቤውን ካጠፍኩት በኋላም ከአእምሮዬ አልጠፋም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ትልልቅ ሰዎችን ፊደል አስቆጥር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ ልጃቸው ወታደር የነበረ እናት ናቸው። ደብዳቤው በመጣ ቁጥር እኔ ነበርኩ የማነብላቸው። አንድ ማታ ሊጥ የነካ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ጣታቸው ከፊደል ፊደል እየተላለፈ «ው...ድ... እ...ና...ቴ» አሉ። ከዚያ በላይ አልቻሉም፤ ቀሪውን እኔ ጨረስኩላቸው። እነዚያን ሁለት ቃላት ግን ቡና በተፈላ ቁጥር ለጎረቤቱ ሁሉ እያወጡ ያነቡ ነበር።

የምለምንሽ ይህን ነው። ስልኩን ስትመልሺላት «ይቅርታ፣ አላመንኩሽም ነበር» በያት፤ ከዚያ «እስቲ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» በያት። ማሽኑ ይጮሃል፣ አይሆንም እንዳትዪ። ቁልፍ ስትተክዪና ዘርፍ ስትቋጪ እጅሽ እንጂ ጆሮሽ ሥራ አልያዘም። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የምታፍርበት ገጽ ላይ ስትደርስ ትዘለዋለች፤ እንደዘለለችው ይገባሻል፤ አትጠይቂያት። ያልገባሽ ቃል ሲመጣ ግን አስቁሚያት። ትርጉሙን ካላወቀችው አብራችሁ መዝገበ ቃላት ፈልጉ። ለእናቷ የምታስረዳ ልጅ መስመር እየዘለለች ማለፍ አትችልም።

ጥያቄ፦ ወልድያ የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ግን ሁለት ገጽ ሳልጨርስ ዓይኔ መስመሩ ላይ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይሆናል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ አንተ አልተበላሸህም። በየጥቂት ሰከንዱ አዲስ ነገር የለመደ ዓይን፣ አንድ ገጽ ላይ ቆይ ሲባል ያኮርፋል። ድምፅህን አውጥተህ አንብብ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከፊደል ወደ ንባብ ሲሻገር በዜማ የሚያነበው፣ የቁርአን ቤቱም ልጅ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አፍ እየሠራ ሐሳብ ሩቅ መሄድ ይከብደዋል። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ብቻ ይሁን፤ ሰዓቱን በስልክህ ሳይሆን በግድግዳ ሰዓት ለካ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ድምፁን ማጥፋት አይበቃም። በሳምንቱ አሥራ አምስት ደቂቃ አድርገው። ቤት ውስጥ ድምፅ ማውጣት ካሳፈረህ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አስቀምጠህ ለእነሱ አንብብላቸው፤ ከደከመህም «ከዚያስ?» እያሉ ያስቀጥሉሃል።