የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና የአያትሽ ቀሚስ

ጥያቄ፦ የዓፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ቀሚስ ለንደን ሙዚየም ውስጥ አለ የሚባለው እውነት ነው? እኔም የአያቴ የሐር ጥልፍ ቀሚስ አለኝ፤ እነሱ እንዴት ነው ሳይበላሽ የሚያቆዩት?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ እውነት ነው። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። በባለቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ከተወሰዱት አንዱ ነው። እቴጌይቱ ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ሲወሰዱ እዚሁ አገራቸው ውስጥ፣ መንገድ ላይ አረፉ። ቀሚሱ ግን ባሕር ተሻገረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከወርቁ ዘውድ ጋር ለእይታ ሲቀርብ የሙዚየሙ ዳይሬክተር የረጅም ጊዜ ውሰት የሚል ሐሳብ አንስተው ነበር። የራስን ንብረት መዋስ እኔን አያሳምነኝም፣ መመለስ ነው ያለበት።

ወደ አንቺው ቀሚስ ስንመጣ ዋናው ጠላት ብርሃን ነው። ሙዚየሞች እንዲህ ያለ ጨርቅ የሚያሳዩት 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን ነው፤ ምክንያቱም ብርሃን የበላው ቀለም አይመለስም። መስቀያ ላይ አትተዪው፣ የራሱ ክብደት ትከሻውን ይስበዋል። አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት በየእጥፋቱ እየከተትሽ ሳጥን ውስጥ አስተኚው፣ እጥፋቱንም አልፎ አልፎ ቀይሪ። ፌስታል ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቢው፣ እርጥበት ያፍናል። ማጠብም ይቅርብሽ፤ የድሮ ሐር ቀለሙን ከለቀቀ ነጩ ጥጥ አለቀለት።