መልስ፦ አዲስ ፉርጎ አሮጌ እንዲመስል

ሰላም ወዳጄ። የሞዴል ባቡሬ (የእውነተኛው ባቡር ትንሽ ቅጂ) ፉርጎዎች መጫወቻ ይመስላሉ፣ የቀባሁት ዝገትም ጭቃ መሰለብኝ ብለሃል። ቀለሙን አብዝተኸዋል ባይ ነኝ። በ1፡87 መጠን፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ፣ 1 ሴንቲ ሜትር የዝገት ነጠብጣብ በእውነተኛው ፉርጎ ላይ 87 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ያ ዝገት ሳይሆን ቀዳዳ ነው!

መጀመሪያ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ በስሱ ንፋበትና ይድረቅ። ልሙጥ ፕላስቲክ ላይ የቀለም ዱቄት አይይዝም። ከዚያ ቡናማና ብርቱካንማ የፓስቴል ጠመኔ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርግ። ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ሳበው። ዝናብ ዝገቱን ይዞ የሚወርደው ወደ ታች ነዋ፤ ወደ ጎን የተቀባ ወዲያው ያስነቃል። በሩ ስርና ብሎኖቹ ዙሪያ ትንሽ ጠቆር አድርገው። ሲያልቅ ቫርኒሹን ድገመው። ዱቄቱ ሲደበዝዝ አትደንግጥ፣ ጨምርበት። እኔ የመጀመሪያ ፉርጎዬን ያበላሸሁት ቸኩዬ ቫርኒሹን በወፍራሙ ስነፋ ነው፤ የለፋሁበት ዝገት ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

ሐዲዱንም ጎን ጎኑን ቡናማ ቀባው። አናቱን ግን ቀለሙ ሳይደርቅ በጨርቅ ጥረግ። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ቀለም ካለበት ባቡሩ ቀጥ ይላል።